ሲሚንቶ ላይ አይዘለልም

ፌርፋክስ በሚባለው የሎስ አንጀለስ የሐበሾች ሰፈር ሰው የሚያውቀኝ "ፕሮሞተሯ" በሚል ስም ነው። የምተዳደርበት ሥራ ግን ሌላ ነው። በየቤታቸው ለሚጦሩ አረጋውያን አስታማሚ የሚልክ ድርጅት ውስጥ ስልክ እመልሳለሁ፣ የሠራተኞቹን ሸዱል አወጣለሁ። ማን የት ሄዶ ማንን እንደሚያጥብ፣ የታመመችውን ማን እንደሚተካ ስደለድል እውላለሁ። የቀረው ጊዜ የመድረክ ነው። ዘፋኝ አስመጣለሁ፣ ኮሜዲያን አስመጣለሁ፣ አዳራሽ እይዛለሁ፣ በየሱቁ መስኮት ፖስተር እለጥፋለሁ። አንዱ ዝግጅት አልቆ ወንበሩ ሳይነሳ ሐሳቤ ወደሚቀጥለው ሄዷል።

እናቴ በልጅነቴ "ይቺ ልጅ እሳት የረገጠች ይመስል" ትል ነበር። አዲስ አበባ እያለሁ አንድ ቲያትር ቤት ውስጥ የተዋንያን ልብስ ተኳሽ ነበርኩ። ልብሱን ተኩሼ ከመድረኩ ጎን ቆሜ አቀብላለሁ። ስንት ተውኔት በጎን አየሁ፤ አንዱንም ከፊት ለፊት ተቀምጬ አላየሁም። ዲቪ ደርሶን ከባለቤቴ ጋር ሎስ አንጀለስ ስንገባ እሱ ኤርፖርት ታክሲ መንዳት ጀመረ፤ እኔ ያገኘሁትን እየሠራሁ አዳራሽ አዳራሹን አይ ጀመር። የመጀመሪያውን ዝግጅት ያደረግኩት ፌርፋክስ፣ አንድ ምግብ ቤት ጓዳ ባለች ክፍል ውስጥ እሁድ ከሰዓት ነው። ዘፋኙ ሁለተኛውን ዘፈን ሲጀምር ወጥ ቤት ውስጥ የኤሌክትሪክ ምድጃ ተከፈተና መብራቱ ጠፋ። ሮጬ ገብቼ አብሳይዋን "እባክሽ ምድጃውን አጥፊልኝ" ስላት "ክትፎ ያዘዘውን ሰው አንቺ ትዘፍኚለታለሽ?" አለችኝ። ዘፋኙ ያለ ማይክ ጨረሰው። ደስ ብሎኝ ነበር፤ ግን በዚያው ሳምንት ሌላ አዳራሽ ፍለጋ ወጣሁ።

እንዲህ ስሯሯጥ ብዙ ዓመት ካለፈ በኋላ ነው እትዬን ያገኘኋቸው። ስማቸውን አልጽፍም፤ እኔም ከእትዬ በቀር ጠርቻቸው አላውቅም።

በሸዱሌ ላይ ካሉት አስታማሚዎች አንዷ ነበሩ። ስልሳን የተሻገሩ፣ ቀጭን፣ በስልክ ሲያናግሩኝ ከ"እሺ" እና "ገባኝ" ሌላ ቃል የማይወጣቸው ሴት። አንድ ቀን የሚፈረም ወረቀት ስለነበረ እኔው ራሴ ሃውቶርን ድረስ ድራይቭ አድርጌ ሄድኩ። የሚያስታምሟቸው ሰው በሕይወታቸው ሙሉ የአውሮፕላን ፋብሪካ ውስጥ የሠሩ ግዙፍ ሽማግሌ ናቸው። ስገባ እትዬ ከአልጋ ሊያነሷቸው ነበር። ተረከዛቸውን ገጠሙ፣ ጣቶቻቸውን ወደ ግራና ቀኝ ከፈቱ፣ ጀርባቸው እንደ ምሰሶ ቀጥ እንዳለ ጉልበታቸውን ዝቅ አደረጉና ይዘዋቸው ተነሱ። ያንን የሚያህል ሰው ሳይሆን ከአልጋ ላይ ጋቢ ያነሱ ነው የሚመስለው።

"እትዬ፣ ወገብዎን አያምዎትም?" አልኳቸው።

"ወገብ አይደለም የሚያነሳው። ከእግር ነው የሚመጣው።"

"የት ነው እንዲህ የተማሩት?"

"ኪየቭ።"

"ነርስነት?"

"ባሌ" አሉኝ።

"ባለቤትዎ ናቸው ያስተማሩዎት?"

መጀመሪያ ግር አላቸው። ከዚያ የሳቁት ሳቅ፣ ምን እንደተባለ ያልገባቸው ሽማግሌ እንኳ አብረው እስኪስቁ ድረስ ነበር። "ባልም የለኝ" አሉ ዓይናቸውን እየጠረጉ። "ዳንሱ። በጫማ ጫፍ የሚቆምበት።"

ወረቀቱን እየፈረሙ ታሪካቸውን ነገሩኝ። በደርግ ጊዜ ከትምህርት ቤታቸው ልጆች ተሰልፈው እግራቸው እየታየ ተመረጡ። እሳቸው አሥራ ሦስት ዓመታቸው ነበር። ወደ ሶቪየት ተላኩና ስምንት ዓመት ባሌት ተማሩ። ተመርቀው ሲመለሱ የሚጨፍሩበት ቡድን የለም፤ አብሯቸው የሚጨፍር ሰውም የለም። አንድ መሥሪያ ቤት ወንበር ሰጣቸውና ለመድረክ ዝግጅት የሚጻፉ የፈቃድ ደብዳቤዎች ላይ ማኅተም ሲመቱ ኖሩ። ጡረታ ሊወጡ ሲሉ ልጃቸው ወደዚህ አመጣቻቸው።

"ስለዚህ ሰው ፊት ጨፍረው አያውቁም?"

"የመጨረሻው ፈተና ላይ። አምስት መምህራን ነበሩ።"

"ከዚያ ወዲህስ?"

"ጠዋት ጠዋት የዕቃ ማጠቢያውን ጠርዝ ይዤ እሠራለሁ። እግር እንዳይረሳ ነው እንጂ ለማንም አይደለም።"

ወረቀቱን ይዤ ወጣሁ፤ መኪናዬን ግን ማስነሳት አቃተኝ። የሰው እግር አርባ ዓመት ለማንም ሳይሆን ሲዘጋጅ መኖሩ ደረቴ ውስጥ ገብቶ አላስቀምጥ አለኝ። በማግስቱ ሥራ ላይ ሸዱል አወጣለሁ ብዬ ጠርዙ ላይ ፖስተር ስስል ራሴን አገኘሁት።

ሳልሰነብት ሄጄ ነገርኳቸው። "እትዬ፣ ባሌት እናዘጋጅ። ፌርፋክስ የሚመላለሰው ሰው ሁሉ መጥቶ ይይ።"

"ሐበሻ ባሌት ሊያይ? አንቺስ ስለ ባሌት ምን ታውቂያለሽ?"

"ምንም። ሰው መሰብሰብ ግን አውቃለሁ።"

"አንድ ነገር አለኝ" አሉ። ያ ነገር ማጠቢያው ጋ ቆመው በሐሳባቸው ሲሠሩት የኖሩት ታሪክ ነበር። ሴቶች ውሃ ሊቀዱ ወደ ምንጭ ይወርዳሉ። ከመካከላቸው አንዷ "ይሄ ውሃ ወዴት ነው የሚሄደው?" ትልና እንስራዋን አስቀምጣ ትከተለዋለች። ሌሎቹ ይጠብቋታል፣ ይጣሩላታል፣ በመጨረሻ ትተዋት ይመለሳሉ።

"እሷስ መጨረሻዋ ምን ይሆናል?"

"ትሄዳለች። ይኸው ነው።"

በሕይወቴ ከሰማሁት ታሪክ አንዱም እንዲህ ወደ ውስጤ ገብቶ አያውቅም።

ሙዚቃውን በተመለከተ ባንድ አልፈለጉም። አንድ ድምፅ ብቻ ይበቃል፤ ኦፔራ ውስጥ ድምፅ ነው ሁሉን የሚሸከመው አሉ። ያ ድምፅ የት እንዳለ አውቅ ነበር። በረመዳን አንድ ባለሱቅ ለማፍጠሪያ ጠርቶኝ ስሄድ መንዙማ ሲያወጣ የሰማሁት የወሎ ሰው ነበር። ሎንግ ቢች መጋዘን ውስጥ የዕቃ ማንሻ፣ ፎርክሊፍት ይነዳል። በምሳ ሰዓቱ ሄጄ በሩ ላይ ጠበቅኩት።

"እህቴ፣ መድረክ ላይ ወጥቼ አልዘፍንም። ወላሂ፣ አይሆንልኝም" አለኝ ገና ሳልጨርስ።

"ዘፈን አይደለም፣ እንጉርጉሮ ነው። መጋረጃ ጀርባ ቆመህ ነው። ማንም አያይህም።"

"ቃሉን ማነው የሚሰጠኝ?"

"ቃሉ ያንተ ነው። ስለ ሄደች ሴት ነው።"

የሥራ ጓንቱን አጣጠፈ። "ስለ ሄደ ሰው ከሆነማ አውቃለሁ። እሺ፣ አላህ ያግራው።"

ልጆቹን ማግኘት ቀላል ነበር። እዚህ የተወለዱ ስድስት ልጃገረዶች፣ በሕፃንነታቸው ወላጆቻቸው ባሌት ያስተማሯቸውና ከፍ ሲሉ የተዉት። ኢንግልዉድ ያለ አንድ የካራቴ ትምህርት ቤት እሁድ እሁድ ክፍሉን አከራየን፤ እዚያ ልምምድ ተጀመረ። በመጀመሪያው ቀን አንዷ ልጅ እትዬን "ዌይት፣ እንደገና አሳዪኝ" ስትላቸው መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ። ጎተት አድርጌ "አንቱ ነው የሚባለው" ብዬ ልገስጻት ስል እትዬ ሰሙኝ።

"ተያት። መምህሬም እኔን አንቺ ነበር የምትለኝ። እሷማ ስድብም ትጨምርበት ነበር።" ወደ ልጅቷ ዞሩና፣ "ነይ፣ እዪ" አሏት።

የሄደችውን ሴት እንድትሆን የመረጧት ከሁሉም ረዥሟን፣ ኮሌጅ ልትገባ አንድ ዓመት የቀራትን ልጅ ነው። ስትዘል አየር ላይ አንድ ነገር አስባ የምትወርድ ይመስል ነበር።

እኔ ደግሞ ፖስተሩን አሳተምኩ። በትልቁ፣ እትዬ መጀመሪያ ቀን እንዳሉኝ፣ "ባሌ በፌርፋክስ" ብዬ። አዳራሹ ኢንግልዉድ ቢሆንም ሕዝቡ የፌርፋክስ ነው ብዬ ነው። በሁለተኛው ቀን ቅመም የምገዛባት ሴት "ምነው፣ ባልሽ መጨፈር ጀመረ እንዴ?" አለችኝ። ሦስተኛው ቀን ባለቤቴ ከሥራ ሲገባ ቁልፉን ጠረጴዛው ላይ ወርወር አደረገና፣ "ኤርፖርት የተሰለፈው ታክሲ ነጂ ሁሉ መቼ ነው የምትጨፍረው ይለኛል። ምንድነው የለጠፍሽው?" አለኝ። በሳቅ ወደቅኩ። እሱ ለሁለት ቀን አልሳቀም። ፖስተሩን ሁሉ ሰብስቤ "ባሌት" ብዬ አስደገምኩት። ቀልዱ ግን ከማንኛውም ማስታወቂያ በላይ ሠራልኝ፤ ቲኬቱ በየሱቁ ይጠየቅ ጀመር። ደስታው እረፍት ነሳኝ። ጠዋት ስነሳ እጄ ስልክ ላይ ነው፣ ምሳዬን ቆሜ ነው የምበላው።

ሦስት ሳምንት ሲቀረን እትዬን አዳራሹን ላሳያቸው ወሰድኳቸው። ሰፊ ነው፣ መብራት አለው፣ ፓርኪንግ አለው። እሳቸው መብራቱን ቀና ብለው አላዩም። ወደ መድረኩ ወጡ፣ ጎንበስ አሉ፣ ወለሉን በጣታቸው አጥንት ኳ ኳ አደረጉና፣ "ይሄ ሲሚንቶ ነው" አሉ።

"ላዩ ፕላስቲክ ነው እኮ።"

"ሥሩ ሲሚንቶ ነው። ሲሚንቶ ላይ አይዘለልም።"

"እትዬ፣ የኛ ሰው ድንጋይ ላይ ስንት ዘመን እስክስታ ወርዷል!"

"እስክስታ ትከሻ ነው፤ መሬቱን አትለቂውም። እነዚህ ልጆች ሽቅብ ሄደው ነው የሚወርዱት። እንጨት፣ ከእንጨቱ ሥር ደግሞ ጎማ ያስፈልጋል። ያለበለዚያ አጥንት ይሰበራል።"

"አሠራዋለሁ" አልኳቸው።

ላሠራውም አስቤ ነበር። አናጢ ጠራሁ፤ ሥራ በዝቶበታል፣ ከወር በፊት አይሆንም አለኝ። የአዳራሹ ኃላፊ ሚስማር አታስገቢብኝ አለ። ሌላ አዳራሽ ደወልኩ፤ ተይዟል። ቀኑ ሲገፋ የሆነ ነገር ውስጤ "ያልፋል፣ አንድ ቀን ነው" ይለኝ ጀመር። በመጨረሻ ኮምፔንሳቶ ገዛሁና ሲሚንቶው ላይ እንዳለ አነጠፍኩት። ላዩን በጥቁር ፕላስቲክ ሸፈንኩት። ጎማ የሚባል ነገር አልነበረውም።

የመጀመሪያው የመድረክ ልምምድ ቀን እትዬ የመጡት ሙሉ ሺፍት ሠርተው ነው፤ ደክሟቸው ነበር። በተረከዛቸው ወለሉን መታ አደረጉና አዩኝ።

"ጎማ አለው?"

"አለው" አልኩ።

አመኑኝ።

ልጅቷ ሦስተኛውን ዝላይ ስትወርድ የሰማሁት ድምፅ ትንሽ ነበር፤ ደረቅ ጭራሮ የተሰበረ ያህል። አልጮኸችም። ቁጭ አለችና እግሯን በሁለት እጇ ያዘች፤ ፊቷ አመድ መሰለ። ሌሎቹ ከበቧት። እናቷ ከወንበር ተነስታ ስትሮጥ ቦርሳዋ ተበተነ። ሐኪም ቤት ወሰድናትና የእግሯ አጥንት ላይ ስንጥቅ ተገኘ።

ከመሄዳችን በፊት ግን እትዬ ወደ መድረኩ ጥግ ሲሄዱ አይቻለሁ። ጥቁሩን ፕላስቲክ ገለጡት። ኮምፔንሳቶውን በጥፍራቸው ቀና አድርገው ከሥሩ አዩ። ስድብ ጠበቅኩ፤ ብሰደብ ይቀለኝ ነበር። መልሰው አለበሱት፣ ካፖርታቸውን ለበሱ፣ ቦርሳቸውን አነሱ።

"ከእንግዲህ የምትደውዪልኝ ለሥራ ሸዱል ብቻ ነው" ብለውኝ ወጡ።

ቀጥሎ ያደረግኩትን ስናገር ዛሬም አፍራለሁ። ከሐኪም ቤት ስወጣ መኪናዬ ውስጥ ሆኜ የአንድ የባህል ጭፈራ ቡድን ኃላፊ ጋ ደወልኩ። ቀኑን ልሞላ። አዳራሹ አለ፣ ቲኬቱ ተሸጧል፣ እስክስታ ሲሚንቶ ላይ ይሆናል። ሰውየው እያናገረኝ ሳለ ወሬውን ሰምቶ ሐኪም ቤት የመጣው ባለቤቴ ጎኔ ተቀምጦ ነበር። ስልኩን ከእጄ ወስዶ ዘጋው። በትዳራችን እንዲህ አድርጎ አያውቅም።

"አንዴ እንኳ ቁጭ ብለሽ ምን እንዳደረግሽ አስቢ" አለኝ።

በማግስቱ ወደ ልጅቷ ቤት ሄድኩ። በር የከፈተችልኝ እናቷ ናት። ሶፋው ላይ ልጅቷ እግሯን ትራስ ላይ ሰቅላ ስልኳን ታያለች። አልተቀመጥኩም።

"አንድ ነገር ልነግራችሁ ነው የመጣሁት። ወለሉ ጎማ አልነበረውም። አለው ያልኩት እያወቅኩ ነው። እትዬ ምንም አያውቁም፤ ጥፋቱ የኔ ነው" አልኩ።

እናትየዋ አፏን በእጇ ይዛ ቆመች። ልጅቷ ናት ቀድማ የተናገረችው።

"ሶ፣ የኔን ፓርት ማን ሊሠራው ነው?"

"ማንም። ዝግጅቱ ቀርቷል።"

"ኖ! ለምን ይቀራል?"

እናቷ በሩ ድረስ ሸኘችኝ። ደረጃው ላይ ስደርስ፣ "እሷ ልጅ ስለሆነች ነው። እኔ ግን ይቅር ለማለት ገና ነኝ" አለችኝ። "ይገባኛል" ብዬ ወረድኩ።

ቅዳሜ ሙሉ ቀን ፌርፋክስን ከላይ እስከ ታች ሄድኩበት። ፖስተሩን ከየመስኮቱ እየላጥኩ፣ ቲኬት ለገዛው ሁሉ እየመለስኩ፣ ለጠየቀኝ ሰው ምክንያቱን እየተናገርኩ። "የአዳራሽ ችግር ነው" ማለት ይቻል ነበር፤ ሌላ ጊዜ ብዬም አውቃለሁ። በዚያን ቀን ግን "ልጅ አስጎድቻለሁ" ነው ያልኩት። አንዳንዱ አዘነልኝ። ቅመም ሻጯ ፖስተሩን ራሷ ላጠችልኝና ሻይ ቀዳችልኝ። አንድ ሰውዬ ደግሞ እየሰማሁት ለጓደኛው "ድሮም ችኩል ናት" አለው። እውነቱን ነው።

ከዚያ በኋላ ለእትዬ የምልክላቸው ሸዱል ብቻ ሆነ። ሰኞ ሃውቶርን፣ ረቡዕ ሃውቶርን፣ ዓርብ ሌላ ቤት። እሳቸውም "እሺ" ብለው ይመልሳሉ። እኔ ግን አዲስ አመል አወጣሁ። የገባሁበት ቤት ሁሉ፣ ባንክ ይሁን የጥርስ ሐኪም፣ ወለሉን በተረከዜ መታ አደርጋለሁ። ሰው ዞሮ ያየኛል። ከተማው ሁሉ ሲሚንቶ ነው።

የወሎው ሰው ነው አንድ ቀን የደወለልኝ። "እህቴ፣ አሁንም ወለል ትፈልጊያለሽ? እዚህ ሎንግ ቢች የድሮ የወደብ ሠራተኞች ክበብ አለ። ውስጡ የዳንስ ክፍል አለው። ስሄድበት እንጨቱ ከሥሬ ይተነፍሳል።"

በዚያው ቀን ሄድኩ። ጥበቃው በሩን ከፈተልኝ። ጫማዬን አወለቅኩና በካልሲ መሐል ላይ ቆሜ ዘለልኩ። ሃምሳ ዓመት የሞላት ሴት እንደ ሕፃን። ወለሉ ተቀበለኝና መልሶ አነሳኝ። እንደገና ዘለልኩ። ጥበቃው ስልኩን አውጥቶ ቪዲዮ እየቀረጸኝ እንደሆነ ያየሁት በአራተኛው ነው።

ለእትዬ ከሸዱል ውጪ አትደውዪ ተብያለሁ። ስለዚህ ሸዱል ላክሁላቸው፦ "እሁድ። ከቀኑ ስምንት ሰዓት። ሎንግ ቢች። ሥራው፦ ወለል ማየት።" መልስ አልመጣም። ሁለት ቀን በስልኩ ስብሰለሰል ከረምኩ። ሦስተኛው ቀን ላይ "ገባኝ" የሚል ቃል ብቻ መጣ።

እሁድ ልጃቸው አምጥታ አወረደቻቸው። ሰላምታችን አጭር ነበር። ወለሉን በጣታቸው አጥንት መቱ፣ ተንበርክከው ጆሯቸውን አስጠጉ። ያም አልበቃቸውም፤ ጥበቃውን ጠርተው የምድር ቤቱን በር አስከፈቱትና በስልካቸው መብራት ከሥር ገብተው እያንዳንዱን ጣውላ አዩ። ሲወጡ ፀጉራቸው ላይ የሸረሪት ድር ነበር።

"ልጅቷስ?" አሉኝ።

"የእግር መደገፊያው ወልቆላታል። መሄድ ትችላለች፤ መዝለል ግን ገና ነው ብሏል ሐኪሟ።"

"እንግዲያ ሳትዘል ትሄዳለች።"

"እትዬ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ" አልኳቸው። ብዙ ነገር አዘጋጅቼ ነበር፤ የወጣኝ ይኸው ብቻ ነው።

አቧራቸውን እያራገፉ፣ "እኔ አርባ ዓመት ጠብቄያለሁ። አንቺ ሁለት ወር መጠበቅ አቃተሽ?" አሉኝ። ከዚያ ካፖርታቸውን ሰጡኝና መሐል ላይ ቆመው እየቆጠሩ መራመድ ጀመሩ። ካፖርቱን ይዤ ቆምኩ። ይቅር ማለታቸው ይሁን አይሁን አልጠየቅኩም።

ልምምዱ እንደገና ተጀመረ። ሌሎቹ አምስቱ ይዘላሉ፤ የምትሄደዋ ትራመዳለች። በፊት እሷ ነበረች አየር ላይ የምትታየው። አሁን ሁሉም በዙሪያዋ ሲነሱና ሲወርዱ እሷ ቀስ ብላ፣ እግሯን እያመናት ይሁን አይሁን በማይታወቅ አረማመድ ታልፋለች። እትዬ ለረዥም ጊዜ ካዩዋት በኋላ፣ "መጀመሪያውኑ እንዲህ መሆን ነበረበት" አሉ፤ ለራሳቸው ነው እንጂ ለእኔ አልነበረም።

ዝግጅቱ እሁድ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ተባለ። ዘጠኝ ሲሆን አዳራሹ ውስጥ ያሉት የልጆቹ ቤተሰቦች፣ ባለቤቴ፣ ቅመም ሻጯ፣ እና ጥበቃው ናቸው። ወደ እትዬ ሮጥኩ።

"እትዬ፣ ትንሽ እንጠብቅ። ሰዉን ያውቁት የለ፣ እየመጣ ነው።"

"ሰዓቱ ደርሷል።"

"ባዶ ወንበር ነው እኮ!"

"ለአምስት ሰውም ጨፍሬያለሁ" አሉና መብራቱን በእጃቸው አጠፉት።

የወሎው ሰው ከጎን መጋረጃ ጀርባ፣ የመጋዘን ቡት ጫማውን እንዳደረገ፣ ዓይኑን ጨፍኖ ጀመረ። በአምባሰል ነበር።

"ውሃ ልንቀዳ ነው የወረድነው አብረን፣
እሷ ከውሃው ሄደች፣ እኛ ባዶ ቀረን።"

ልጆቹ ወጡ። ሰዉ በዚህ መሐል መግባት ጀመረ። በሩ ሲጥ ሲጥ ይላል፣ "የት እንቀመጥ?" ይባባላል፣ ሕፃን ያለቅሳል። እኔ ከጎን ቆሜ ጥርሴን ነከስኩ። ግን ድምፁ አንድ ቦታ ላይ ከፍ ሲል በሩ ጋ የነበሩት ባሉበት ቆሙ። ከኋላቸው የመጡትም ቆሙ። ግድግዳው በሰው ተሞላ፤ ማንም ወንበር አልፈለገም።

ልጅቷ እንስራዋን አስቀምጣ ወደ መድረኩ ጫፍ መራመድ ስትጀምር ከሦስተኛው ረድፍ አንዲት ነጠላ የለበሱ፣ የማላውቃቸው እናት ድንገት፣

"ተመለሺ! ተመለሺ ልጄ!" አሉ።

ልጅቷ ቆመች። ይሄ በልምምዱ ውስጥ የለም። አንገቷን ዞር አድርጋ ወደ ነጠላ ለባሿ አየች። እትዬ የእጄን አንጓ ያዙኝ፤ ጥፍራቸው እስኪሰማኝ። ከዚያ ልጅቷ ፊቷን መለሰችና ሄደች። ድምፁ ተከተላትና ቆመ።

ማንም አላጨበጨበም። ከኋላ አንድ ሰው "አለቀ?" ሲል ተሰማ። ያን ጊዜ አንዷ እልል አለች፤ ሌሎቹም ተቀበሏት። ቤቱ ተናወጠ። ቲኬቱን ከቆረጠ ጀምሮ ያጉረመረመ አንድ ጎልማሳ "ጭፈራው የታለ ታዲያ?" እያለ ነበር፤ ሚስቱ በክርኗ ዝም አሰኘችው።

እትዬ አልወጣም አሉ። ልጆቹ መጥተው በሁለት እጃቸው ጎተቷቸው። መድረኩ መሐል ላይ ሲደርሱ ግን የተጎተተች ሴት አልመሰሉም። ለብቻቸው ሁለት እርምጃ ወደፊት መጡ፣ አንዱን እግር ወደኋላ ሰደዱ፣ እጃቸውን ዘረጉና ለሰላምታ ወደ መሬት ወረዱ። ጉልበታቸው ወለሉን ሊነካ ድረስ። መነሳቱ ጊዜ ወሰደ። ልጆቹ ሊደግፏቸው እጃቸውን ሲዘረጉ ረዥሟ ልጅ በዓይኗ ከለከለቻቸው። በራሳቸው ተነሱ። እኔም ያን ጊዜ ነው ከመድረኩ ጎን ወርጄ፣ በግድግዳው ጥግ አልፌ፣ ከሕዝቡ ጋር ፊት ለፊት ቆሜ ያየሁት።

የልጅቷ እናት ስትወጣ እጇን ዘርግታ ጨበጠችኝ። አልሳመችኝም። ከእሷ ይሄም ብዙ ነው ብዬ ተቀበልኩት።

በሚቀጥለው ሳምንት ላስ ቬጋስ፣ ሲያትል፣ ዲሲ ያሉ አዳራሾችን ስልክ ቁጥር ሰብስቤ እትዬ ጋ ሄድኩ። አንዱንም አላዩትም። እሁድ እሁድ እዚያው ሎንግ ቢች ልጆች ሊያስተምሩ ከክበቡ ጋር ራሳቸው ተነጋግረው ጨርሰው ነበር። ፕሮሞተር አያስፈልጋቸውም። ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር፤ የተሰማኝ ግን ቅናት ነው፤ ያገኘኋቸው እኔ፣ የተተውኩትም እኔ የሚል የልጅ ነገር። በሚቀጥለው ወር አንድ ኮሜዲያን አስመጣሁ። ሰዉ ሳቀ፣ አዳራሹ ሞላ። እኔ ከበሩ ጋ ቆሜ በተረከዜ ወለሉን እየመታሁ ሰዓቴን አያለሁ።

አንድ ማክሰኞ ሥራ ላይ እያለሁ ስልኬ ጠራ። እትዬ ናቸው። የሺፍት ጉዳይ መስሎኝ ኮምፒዩተሬን ከፈትኩ።

"ፒያኖ የሚመታ ሰው ታገኚልኛለሽ? ልጆቹን በስልክ ሙዚቃ ማሠራት ሰለቸኝ" አሉኝ።

"እስከ መቼ ይፈልጋሉ?"

"ሲገኝ። አትሩጪ።"

"እሺ፣ አልሮጥም።"

የምሳ ሰዓቴ ሳያልቅ አራት ሰው ጋ ደውዬ ነበር። ሦስቱ አላነሱም። አራተኛው ኢንግልዉድ ያለ የአንድ ቤተ ክርስቲያን ኦርጋን ተጫዋች ናቸው፤ ሽማግሌ፣ ድምፃቸው ሻካራ። ምን ዓይነት ሙዚቃ እንደሆነ ጠየቁኝ። ላስረዳቸው ሞከርኩና አቃተኝ። "እሁድ ስምንት ሰዓት መጥተው ይስሙት" አልኳቸውና የሎንግ ቢችን አድራሻ ነገርኳቸው።